ፍሉቱ ጤነኛ ነው፣ 415 ስለሆነ እንጂ

ያገለገለ የባሮክ (ከ1600 እስከ 1750 ገደማ የነበረው የአውሮፓ ሙዚቃ ዘመን) የእንጨት ፍሉት ገዛሁ። ከኪቦርድ ጋር ስሞክረው ጆሮ የሚያሳምም ነገር ሆነ። መገጣጠሚያውን ሳብኩ፣ ገፋሁ። ወይ ፍንክች! ላ የሚባለውን ኖታ ስነፋ ቲዩነሩ (የቅኝት መለኪያው) በግማሽ ቶን ዝቅ ያለውን ሶል ሻርፕ ይለኛል። ሻጩን በሆዴ ስረግም ሰነበትኩ።

ኋላ ሳገላብጠው 415 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል። ለካ የዛሬው መደበኛ ላ 440 ኸርዝ ነው፤ የባሮክ ተጫዋቾች ግን በብዛት የሚስማሙት በ415 ነው። ግማሽ ቶን ዝቅ ይላል ማለት ነው። በዚያ ዘመንማ ከከተማ ከተማ ይለያይ ነበር።

መፍትሔው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ኪቦርዱን ትራንስፖዝ (ቅኝቱን በሙሉ ከፍ ዝቅ ማድረጊያውን) −1፣ ማለትም ግማሽ ቶን ዝቅ አደረግኩት፤ ላው 415.3 ይሰጣል። ቲዩነሩንም 415 ላይ አስተካከልኩ። ለፈረንሳይ ባሮክ የሚሠራው 392 ከሆነ −2 ነው። ኪቦርድ ሳይሆን ባለክር (አኮስቲክ) ፒያኖ ከሆነ ግን ክሩን አትንኩ፤ ፒያኒስቱ ግማሽ ቶን ዝቅ አድርጎ ይጫወት።