ትልቅ ቱ ስትሮክ ሞተር በዘመናዊ የሞቶክሮስ ቴላዮ ላይ እንዴት ይገጠማል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ለሚሠራ መካኒክ ቱ ስትሮክ፣ ማለትም ባለ ሁለት ምት ሞተር፣ ብርቅ አይደለም። የግብርና ባለሙያዎች ቀበሌ ለቀበሌ የዞሩባቸው ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ቱ ስትሮክ ናቸው። ጭሳቸውን ያላሸተተ የለም። እዚህ የምጽፈው ግን ስለ ትልቁ ነው፦ የሆንዳ ሲአር 500 ሞተርን በባለ አራት ምቱ ሲአርኤፍ 450 አር ቴላዮ (የሞተር ሳይክሉ አጽም) ላይ ስለመግጠም። በእጃችሁ ያለው ካዋሳኪ ኬኤክስ 500 ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው፣ ልኩ ብቻ ይለያያል።

ሰው ለምን እንዲህ ይለፋል? ሲአር 500 491 ሲሲ ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 2001 ሲያመርተው ቆይቶ አቆመ፤ እስከ መጨረሻውም በብረት ቴላዮ ነው የወጣው። ታናሹ ሲአር 250 በ1997 አልሙኒየም ቴላዮ ሲያገኝ 500ውን ያስታወሰው የለም። ስለዚህ ሞተሩ ጉልበተኛ፣ ተሸካሚው ግን ያረጀ ሆኖ ቀረ። አዲሱ የ450 አልሙኒየም ቴላዮ ጠንካራ ነው፣ ሾኩም ፍሬኑም ደህና ነው። ሁለቱን ማጋባት ነው ሥራው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሞተሩ ቴላዮው ውስጥ ገባ ማለት ተገጠመ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እንደምንም አስገብቶ፣ ቡሎን የገባለት ቦታ ላይ አስሮ፣ ጨረስኩ ይላል። ሞተሩ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ካቴናው (ሰንሰለቱ) ነው። ሌላው ሁሉ ከካቴናው በኋላ ይመጣል።

ምን ልግዛ?

ቴላዮ ስትመርጡ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2008 የተሠራ ሲአርኤፍ 450 አር ፈልጉ። እነዚህ ባለ ካርቡራተር ናቸው። ከ2009 ጀምሮ ኢንጀክሽን ስለሆነ ሰርባቶዮው (የቤንዚን ታንኩ) የተሠራው ለፖምፓ ነው፤ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ ካርቡራተር የሚወርድበት መክፈቻ የለውም። እሱም ይሠራል፣ ግን ለምን ተጨማሪ ራስ ምታት ትገዛላችሁ?

ከዋናው ሞተር ሌላ ባዶ ካርተር (የሞተሩ የታች ሳጥን) እና ሲሊንደር ካገኛችሁ፣ የተሰነጠቀም ቢሆን፣ ብዙ ሳትከራከሩ ግዙት። መለኪያ የሚሆናችሁ እሱ ነው። ሙሉ ሞተር እያወጡ እያስገቡ መለካት ወገብ ይቆርጣል፣ ቴላዮውንም ይፍቀዋል። የዚህን ሞተር ዕቃ ሱማሌ ተራ ዞራችሁ ማግኘታችሁን እጠራጠራለሁ፤ ከውጭ የሚልክ ዘመድ ቢኖር ይመረጣል። ኩሽኔታ ግን ላዩ ላይ ባለው ቁጥር ይፈለጋል።

መሣሪያ ላይ ደግሞ በካሊፐርና ቀጥ ባለ ረጅም የብረት ማስመሪያ አትቆጥቡ። ርካሹ ዲጂታል ካሊፐር ባትሪው ሲደክም ይዋሻል፤ እኔ ባትሪ የሌለውን እመርጣለሁ።

ሊብሬ ያለው ሞተር ሳይክል ከሆነ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ሰፍሯል። ሞተር ስትቀይሩ ቁጥሩ አይገጥምም። መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ሳታስተካክሉ አስፋልት ላይ ከወጣችሁ ከትራፊክ ጋር ንትርክ ነው።

ከዚያ ሁለቱንም ፍቱ፣ እጠቡ፣ ቡሎኖቹን በየላስቲኩ ለይታችሁ አስቀምጡ። ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም።

ሞተሩን ማስቀመጥ

በሲአር 500 ላይ የኋላ ጎማውን የያዘው ሹካ የሚዞርበት ረጅም ቡሎን በካርተሩ የኋላ ጆሮዎች በኩል ያልፋል። መነሻችን ይሄ ቡሎን ነው።

ሦስት ልክ ውሰዱ፦ በቴላዮው የውስጥ ግድግዳዎች መሃል ያለውን ስፋት፣ የካርተሩን ጆሮዎች ስፋት፣ የቡሎኑን ውፍረት። ጆሮው ከጠበበ ክፍተቱን ቶርኖ ላይ በተቀረጸ ቦኮላ (ቱቦ መሰል ቀለበት) ሙሉት። የአዲሱ ቴላዮ ቡሎን ከካርተሩ ቀዳዳ ከወፈረ ቀዳዳውን ማስፋት ግድ ነው። ይሄ በእጅ ድሪል የሚሠራ ሥራ አይደለም፣ ፍሬዛ ላይ ታስሮ ነው የሚሰፋው። በድሪል የሰፋ ቀዳዳ ለዓይን ቀጥ ያለ ይመስላል። ትንሽ ካዘመመ ግን ሞተሩ በሙሉ ያዘማል፣ እናንተም የምታውቁት ስፕሮኬቱ (ካቴናው የሚዞርበት ባለ ጥርስ ጎማ) በአንድ ጎኑ ተበልቶ ስታዩት ነው።

አሁን የኋላ ጎማውን ግጠሙ። የካቴና መወጠሪያዎቹ በግራም በቀኝም እኩል ይሁኑ። ሁለቱም ስፕሮኬቶች የ520 ካቴና መሆናቸውን እዩ። ባዶውን ካርተር በረጅሙ ቡሎን አንጠልጥሉት፣ ፊቱን በእንጨት ደግፉት። ከዚያ ማስመሪያውን ከኋላው ስፕሮኬት ጎን ጋር አስተኝታችሁ እስከ ፊተኛው ድረስ ውሰዱት። የፊተኛውንም ጎን እኩል መንካት አለበት። እኔ ከግማሽ ሚሊ በላይ ልዩነት አልቀበልም። ልዩነት ካለ ሞተሩን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የምታንቀሳቅሱት በቦኮላዎቹ ነው፤ ከግራ የቀነሳችሁትን ለቀኝ ትሰጣላችሁ። በሮንዴላ ክምር አታስተካክሉ። ሮንዴላ ይጨፈለቃል፣ ቡሎኑ ይላላል፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ከልኩ ይወጣል።

ግራና ቀኙ ካለቀ በኋላ ከፍና ዝቁ ይቀራል። ሞተሩ አሁን በረጅሙ ቡሎን ዙሪያ ይዞራል። ፊቱን ከፍ ስታደርጉት የፊተኛው ስፕሮኬት አብሮ ከፍ ይላል፣ ሲሊንደሩ ወደ ኋላ ይጋደማል፣ ካርቡራተሩም ያዘማል። ዝቅ ስታደርጉት ደግሞ የማርሚታው (የጭስ ቱቦው) መውጫ ከቴላዮው የፊት አጥንት ጋር ይጣላል። ቦታው የሚገኘው በዚህ መሃል ነው፣ እሱንም በግምት አታገኙትም።

የኋላ ሾኩን ፍቱና ጎማውን በእጃችሁ ከታች እስከ ላይ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ካቴናው እየተወጠረ ይሄዳል። የፊተኛው ስፕሮኬት መሃል፣ የሹካው መዞሪያና የጎማው አክስል አንድ መስመር ላይ ሲውሉ ከሁሉ በላይ ይወጠራል። የካቴናው ልቅነት መለካት ያለበት እዚያ ላይ ነው። ቆሞ ሳለ ቆንጆ የተወጠረ ካቴና፣ ዘላችሁ ስታርፉ የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይጎትታል። የላይኛው የካቴና መስመር ሹካው ላይ ያለውን ፕላስቲክ አጥብቆ የሚፈጨው ከሆነ ስፕሮኬቱ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ የሞተሩን ፊት ትንሽ አንሱት። እንደገና ማስመሪያ፣ እንደገና ጎማ ማንሳት። ይሰለቻል፣ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በዚህ ልክ ላይ ነው የሚቆመው።

አንድ ልጅ እንዲህ ዓይነት ሥራ ሌላ ቦታ አሠርቶ፣ ወደ መሃል ሜዳ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ካቴናው ተበጥሶበት በአይሱዙ አስጭኖ አመጣልን። ካቴናው ሲበጠስ ተጠቅልሎ ካርተሩን ሰንጥቆታል። ሁለቱ ስፕሮኬቶች መሣሪያ ሳያስፈልግ በዓይን የሚታይ ልዩነት ነበራቸው። የገጠመለት ሰው «ግድ የለም፣ ካቴናው ይለምዳል» ብሎት ነበር አሉ። ካቴና አይለምድም።

ማሰሪያና ብየዳ

የፊትና የራስጌ ማሰሪያዎች አዲስ ይሠራሉ። መጀመሪያ በካርቶን ቁረጡ፣ ልኩ ሲገኝ በ6061 አልሙኒየም አሠሩት፣ ውፍረቱ ከ8 እስከ 10 ሚሊ። ይህ ሞተር ንዝረቱን የሚያቻችልለት ሚዛን ዘንግ የለውም። ቀጭን ላሜራ ካሰራችሁበት ሲነዝር ውሎ ይሰነጥቀዋል። የራስጌ ማሰሪያውን «ከታች ታስሯል፣ ይበቃዋል» ብላችሁ እንዳትዘሉት።

የቴላዮው የታች ክንዶች ካርተሩን ካላስገቡት ተቆርጠው ይሰፋሉ። ከላይም ቴስታው (የሲሊንደሩ ክዳን) የቴላዮውን አጥንት እንዳይነካ እዩ፣ የካንዴላ ቁልፍ የሚገባበትን ቦታ አትርሱ። ይሄን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ካንዴላ ሲቀይር ነው።

እዚህ ላይ በያጅ ይመጣል። የተለመደው ባለ ኤሌክትሮድ ብየዳ ለዚህ አይሆንም። የአርጎን ጋዝ ብየዳ፣ ያውም ኤሲ (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) የሚሰጥ ማሽን ያስፈልጋል። አልሙኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ፊቱን የሸፈነው ኦክሳይድ ግን 2,000 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ነው የሚቀልጠው። ኤሲው ያንን ቅርፊት እየሰበረ መንገድ ይከፍታል። ብረት ሲግል ይቀላል፣ ያስጠነቅቃል። አልሙኒየም መልኩን ሳይቀይር ድንገት ፈስሶ ይወርዳል። ስለዚህ «እስቲ እንሞክረዋለን» የሚል በያጅ ቴላዮአችሁ ላይ እንዳይለማመድ። ሁለት ቁራጭ ሰጥታችሁ አስበይዱት፣ ቆንጥጣችሁ በመዶሻ ምቱት። ከብየዳው ላይ ከተላቀቀ አመስግናችሁ ውጡ። እዚህ ካልተገኘ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቴላዮ ሚኒባስ አናት ላይ ይጫናል።

ሲበየድ ባዶው ካርተር በቦታው ይታሰር፣ ቴላዮው ሲቀዘቅዝ እንዳይጣመም። ሙሉ ሞተር ታስሮ አይበየድም፤ ኤሌክትሪኩ በኮሎው (ፒስተኑ በሚያዞረው ዘንግ) ኩሽኔታ በኩል ካለፈ ኩሽኔታው አለቀለት። አልሙኒየም የተበየደበት አካባቢ ጥንካሬው ይቀንሳል፣ ስለዚህ በቡሎን መታሰር የሚችለውን ነገር አትበይዱ።

ማርሚታና የቀረው ዕቃ

የቱ ስትሮክ ማርሚታ ጭስ ከማስወጣት ያለፈ ሥራ አለው። ሆዱ ውስጥ ተጋጭቶ የሚመለሰው ግፊት፣ ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚንና አየር ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል። የሚመለስበት ሰዓት ደግሞ በርዝመቱ ይወሰናል። አልገባም ብላችሁ አታሳጥሩት፣ በመዶሻም አትጨፍልቁት። ርዝመቱ ሳይነካ ቆርጣችሁ፣ አዙራችሁ በይዱት። የፊት ሾኩን እስከ መጨረሻው አስጎንብሳችሁ ጎማው እንደማይነካውም አረጋግጡ።

የ450ው ራዲያተሮች ያገለግላሉ፣ የቱቦዎቹ መታጠፊያ ብቻ ይቀየራል። የፍሪሲዮን ገመድና ሲዲአይ (የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረው ሳጥን) ከ500ው ይምጡ። ማጥፊያ ቁልፍ ይኑረው። የማስነሻ ፔዳሉ ሲረገጥ ምንም ሳይነካ እስከ ታች መውረዱን ከብየዳው በፊት እዩ።

የአየር ማጣሪያው ሳጥንና ካርቡራተሩ በቀላሉ አይገናኙም፣ የላስቲክ ማገናኛ መፈለግ አለባችሁ። ከካርቡራተሩ በፊት ያለ ክፍተት የመንዝን አቧራ ያስገባል። ከካርቡራተሩ በኋላ ያለ ክፍተት ግን ሞተር ይገላል፣ ምክንያቱም ያልተጠራ አየር ገብቶ ቤንዚኑን ያሳሳዋል። ስለዚህ ሳታስነሱ በፊት ፈትሹ። የማርሚታውን መውጫና የካርቡራተሩን ቦታ በላስቲክ ድፈኑ። አሮጌ የእጅ የደም ግፊት መለኪያ ካላችሁ ፖምፓውንና ሰዓቱን በአንዱ ድፍን በኩል አገናኙና እስከ 300 ድረስ ንፉ። 5 ደቂቃ ሳይወርድ ከቆየ ደህና ነው። ከወረደ የኦሞ አረፋ ቀቡ፤ አረፋ የሚፈላበት ቦታ ላይ ቀዳዳው አለ። ለዚህ ውድ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ብር የተረፈው ነው።

ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት

ዘይት ከቤንዚን ጋር 1 ለ 32 ይቀላቀላል፣ ለ1 ሊትር ቤንዚን 31 ሚሊ ሊትር ያህል ማለት ነው። በዓይን አትገምቱ። ከፋርማሲ ትልቅ ሲሪንጅ ግዙ።

አሁን ወደ ካርቡራተሩ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ስለዚህ ሰው ጂግለሩን፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ፣ ያሳንሳል። ሞተሩ ይነቃል፣ ደስ ይላል። ጉዱ የሚጀምረው ከጣርማ በር በኋላ ነው። ዋሻውን አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ 1,300 ሜትር አካባቢ ትደርሳላችሁ። አየሩ እየወፈረ ሄደ፣ ጂግለሩ ያው ትንሹ ነው። ቤንዚን አነሰ። ዘይቱም የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ነውና እሱም አነሰ፣ ሙቀቱ ጨመረ። ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል፣ የኋላ ጎማውም እየሄዳችሁ ሳለ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ የሚያድናችሁ ፈጥኖ ፍሪሲዮን መያዝ ነው። ቁልቁለት ላይ ጣታችሁ ከፍሪሲዮኑ አይራቅ።

ቁልቁለቱ ራሱም ሌላ ወጥመድ አለው። ባለ አራት ምት የለመደ ሰው የነዳጅ እጀታውን ዘግቶ በማርሽ እየያዘ ይወርዳል። እዚህ ነዳጅ ሲዘጋ ዘይትም ተዘጋ፣ ሞተሩ ግን ጎማው እየገፋው በፍጥነት ይዞራል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ እንደዚያ ብትወርዱ ሞተሩን ያለ ዘይት እያስሮጣችሁት ነው። በየመሃሉ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ነዳጅ ሰጥ አድርጉ። መያዙን ለፍሬን ተዉት፣ ፍሬኑ ሲግል ደግሞ ቁሙና ይብረድ።

የእኔ ምርጫ ጂግለሩን ለምትወርዱበት ዝቅተኛ ቦታ ማስተካከል ነው። ደጋው ላይ ትንሽ ይታፈናል፤ ይታፈን። የታፈነ ሞተር ካንዴላ ያስቀይራል፣ ቤንዚን ያጠረው ግን ሲሊንደር። ከትልቁ ጂግለር ጀምራችሁ አንድ አንድ ቁጥር እየቀነሳችሁ ሞክሩ። በሙሉ ነዳጅ ትንሽ ንዱ፣ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ሞተሩን እዚያው አጥፉ፣ ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩ። የተቆላ ቡና መልክ ከያዘ ጥሩ ነው። ከነጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ጂግለሩን አሳድጉ። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አየሩን ስለሚያወፍረው በሞቃት ወር ያስተካከላችሁትን ያኔ እንደገና ፈትሹት።

የመጀመሪያውን ቀን ሩቅ አትሂዱ፣ ከተማው ዳር ያለ ሜዳ ይበቃል። ስትመለሱ ሞተሩ ይቀዝቅዝና የማሰሪያ ቡሎኖቹን ሁሉ በቶርክ ቁልፍ ድገሙ። ብየዳዎቹን በጨርቅ ጠርጋችሁ በባትሪ መብራት እዩ። ቀጭን ጥቁር መስመር ካያችሁ ጭረት ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ቤንዚን ቀብታችሁ ጥረጉትና ትንሽ ጠብቁ፤ መስመሩ ላይ ተመልሶ ካረጠበ ስንጥቅ ነው። ቴላዮውን ቀለም መቀባት ከፈለጋችሁም ከዚህ በኋላ ነው።