የልጃችሁ ችፌ አልድን ካለ የሚነካትን ነገር ጠርጥሩ

ልጄ ከ6 ወሯ ጀምሮ ችፌ አለባት። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ ባሰባት፣ አቧራው ነው ውሃው ነው እያልን ስንት ወር ፈጀን። ለካ አያቷ ለልደቷ የገዙላት ወርቅ ቅብ ጉትቻ ነው። ጆሮዋ ቀልቶ ውሃ ያዣል፣ እኔ ኢንፌክሽን መስሎኝ ቅባት እለቀልቅበታለሁ። ቀጥሎ እምብርቷ ስር የሳንቲም ያህል ክብ ሆኖ ሻከረ፣ የጂንሷ ቁልፍ የሚያርፍበት ቦታ እኮ ነው! ሁለቱም ውስጥ ኒኬል የሚባል ብረት አለ፣ ልጆች ላይ በብዛት አለርጂ የሚያመጣው እሱ ነው።

ችፌ ያለበት ቆዳ የሳሳ አጥር ነው፣ ነገር በቀላሉ ይገባዋል፣ በዛ ላይ ቀን ከሌት ቅባት እንቀባዋለን። ይሄ አለርጂ እንደ ምግብ አለርጂ ወዲያው አይወጣም፣ ከ1 እስከ 3 ቀን ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ ምን ነካች ሳይሆን ከትናንት ወዲያ ምን ነካች በሉ።

መጀመሪያ ቦታውን እዩ፣ ፎቶ አንሱት። አንገት ላይ ከሆነ የብረት መስቀሉን በእንጨት ቀይሩት ማተቡ ይቀጥላል፣ የእግር ጀርባ ከሆነ ጫማው፣ የዐይን ቆብ ከሆነ ሻምፖ ወይ የእናትየዋ ጥፍር ቀለም (አዎ የናንተው፣ ስታሻሹዋት ይነካታል)፣ መቀመጫዋ ከሆነ እርጥብ ሶፍቱ። ጂንሱን አትጣሉት፣ ከቁልፉ ጀርባ ወፈር ያለ ጨርቅ ስፉበት። ሰርግ ላይ ጥቁር ሂና ግን በፍጹም፣ የፀጉር ቀለም ኬሚካል ይጨምሩበታል።

አስቸጋሪው ቅባቱ ነው። እየተቀባ የሚብስ ከሆነ ቅባቱን ራሱን ጠርጥሩ። ፓርፉም፣ ላኖሊን (የበግ ፀጉር ቅባት)፣ ኒዮማይሲን (አንቲባዮቲክ) የሚል ካለበት ተጠንቀቁ፣ ናቹራል ነው የሚባለውም ቢሆን። እኔ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ላይ ነው የረጋሁት። አዲስ ቅባት ስትገዙ ክንዷ እጥፋት ላይ ጤነኛው ቆዳ ላይ ትንሽ፣ በቀን 2 ጊዜ፣ ቢያንስ 7 ቀን ሞክሩት፣ ከቀላ ወይ ካሳከካት አቁሙ። ሳሙና እንደዚህ አይሞከርም፣ ታጥቦ የሚወጣ ነገር ቆዳ ላይ ከተተወ ማንንም ያቃጥላል። ሐኪም ያዘዘውን ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ ቅባት) ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ጠይቁ።

እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ ፓች ቴስት የሚባል አለ፣ የደም ምርመራ ይሄንን አያሳይም። እንደ አለርት የቆዳ ክፍል ያለው ሆስፒታል ይሰሩ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ከኛ ሰፈር መንገዱ ቀላል አይደለም። የሚጠረጠሩት ነገሮች ትንሽ ትንሽ ተደርገው ጀርባዋ ላይ ይለጠፋሉ፣ 48 ሰዓት ውሃ አይነካውም፣ ሲነሳ ይነበባል ከዛ ከ1 ወይ 2 ቀን በኋላ ድጋሚ ስለሚነበብ ሁለተኛውን ቀጠሮ እንዳትዘሉ። ጀርባዋን ከምርመራው ሳምንት በፊት ጀምሮ ስቴሮይድ አትቀቡ። ትኩሳት ወይ መግል ካለ ግን ይሄን ሁሉ ትታችሁ ቶሎ ጤና ጣቢያ።

ነገሩን ካራቃችሁ በኋላ በማግስቱ ይድናል ብላችሁ አትጠብቁ። የልጄ ጆሮ 3 ሳምንት ፈጀ፣ ቀዳዳውም አብሮ ተደፈነ፣ አያቷ እስካሁን እንዳኮረፉ ናቸው።