የአሮጌ ሞተር ግላይደር የዙር መለኪያ ሲያስቸግር

ሞተር ግላይደር ሞተር የተገጠመለት ተንሸራታች አውሮፕላን ነው፤ የዙር መለኪያው ደግሞ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ያሳያል። መለኪያውን ከመፍታታችሁ በፊት የሚዋሸው እሱ መሆኑን አረጋግጡ። ዙር የቀነሰው ሞተሩ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሚታየው ካርቡሬተርና ካንዴላ ነው። ለማጣራት በብርሃን የሚለካ የእጅ ታኮሜትር ይበቃል። ፕሮፔለሩ ባለ ሁለት ምላጭ ከሆነ መሣሪያውን 2 ላይ አድርጉት። ኮክፒት ውስጥ ሆናችሁ፣ በቀን ብርሃን ለኩ። አምፖል አጠገብ አይሆንም። በ50 ኸርዝ የሚሠራ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ፣ መሣሪያው መብራቱን ቆጥሮ 3000 ላይ ድርቅ ሊል ይችላል።

በዝቅተኛም በከፍተኛም ዙር አወዳድሩ። ልዩነቱ የትም እኩል ከሆነ ቀስቱ ከቦታው ተንሸራቷል። ከዙሩ ጋር አብሮ የሚያድግ ከሆነ ግን፣ በኬብል በሚሠራው ዓይነት፣ ማግኔቱ ደክሟል ወይም ስፕሪንጉ ልኩን ስቷል። ሁለቱም የመሣሪያ ጠጋኝ ሥራ ናቸው። በካቻቢቴ አትነካኩት።

ከጀርባው ወፈር ያለ ኬብል በብሎን ታስሮ ከገባ መለኪያው ሜካኒካል ነው።

ቀስቱ ይንቀጠቀጣል? ኬብሉ ደርቋል ወይም አንድ ቦታ ላይ አጉል ታጥፏል። የውስጡን ሽቦ አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አንከባሉት። እየዘለለ ከተንከባለለ ይቀየር። ደህና ከሆነ ጠርጋችሁ ስስ ግሪስ ቀቡት፤ ወደ መለኪያው የሚገባውን ጫፍ ግን ደረቅ ተዉት። ግሪሱ እየተጠማዘዘ ወጥቶ መለኪያውን ያበላሻል።

ቀስቱ ጭራሽ አይነሳም? ሽቦው ተበጥሷል፣ ወይም አራት ማዕዘን ጫፉ ተበልቶ ሳይይዝ ይሽከረከራል።

ቀጫጭን ሽቦዎች ብቻ ካሉ ኤሌክትሪካል ነው፤ ይሄኛው ነው ራስ የሚያዞረው። ግማሹን ወይም እጥፉን የሚያነብ ከሆነ ለሌላ ዓይነት ሞተር የተስተካከለ ነው። ባለ አራት ሲሊንደርና አራት ስትሮክ ሞተር፣ ለምሳሌ ሻይበ ፋልከ በሚባለው ሞተር ግላይደር ላይ ያለው የሊምባክ ሞተር፣ በአንድ ዙር 2 ስፓርክ ይሰጣል። ሬዲዮ ስትናገሩ ቀስቱ የሚዘል ከሆነ ደግሞ ማሳውን፣ ማለትም ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የሚያያዘውን ሽቦ፣ ፈትሹ። የላላ ወይም የዛገ ይሆናል። ካልሆነ የመለኪያው ሽቦ ከአንቴናው ኬብል ጋር ተጠግቶ አልፏል።

ቀስቱ ዜሮ ሲገባ ሞተሩም አብሮ ካሳለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ መለኪያዎች ስፓርኩን የሚቆጥሩት ከማግኔቶው፣ ማለትም ለካንዴላዎቹ ስፓርክ ከሚያመነጨው መሣሪያ፣ ማጥፊያ ሽቦ ላይ ነው። ያ ሽቦ ከማሳ ጋር ሲነካካ ማግኔቶው ይጠፋል። ስለዚህ የመለኪያው ሽቦ ልባሱ ተልጦ ብረት ከነካ፣ አንድ ማግኔቶ ብቻ ያለው ሞተር ቀጥ ይላል፤ አየር ላይም ቢሆን። የመለኪያውን ሽቦ ከማግኔቶው በኩል ንቀሉና ጫፉን ሸፍኑ፤ ከዚያ መሬት ላይ አስነሱት። ሞተሩ ከተስተካከለ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የመለኪያው ነው።

ማጥፊያ ሽቦው ራሱ ከተበጠሰ ደግሞ ቁልፉ ቢዘጋም ማግኔቶው አይጠፋም። ፕሮፔለሩን በእጅ ስታዞሩ ሞተሩ ሊነሳ ይችላል። እዚህ አካባቢ ከመሥራታችሁ በፊት የካንዴላ ገመዶቹን ሁሉ ንቀሉ።

አዲስ መለኪያ የምትገጥሙ ከሆነ ለአውሮፕላኑ የተፈቀደ ይሁን። ቀዩ መስመር፣ ማለትም የመጨረሻው የተፈቀደ ዙር ምልክት፣ የበረራ መመሪያው ከሚለው ቁጥር ጋር መግጠሙን እዩ፣ በእጅ ታኮሜትሩም እንደገና ለኩ። ከዚያ ፈቃድ ያለው መካኒክ አይቶ መዝገቡ ላይ ይፈርም።