ሲያዩት አሮጌ፣ ሲነፉት ደህና፦ የተጎሳቆለ ሳክስፎን ችግርና መፍትሄ

አልቶ ሳክስፎኔን የገዛሁት ከስልኬ ባነሰ ዋጋ ነው። ቀለሙ ተልጧል፣ ድምፅ የሚወጣበት ሰፊው አፉ ጠርዙ ተጨርምቷል፣ ሳጥኑ በገመድ ታስሮ ነው የመጣው። ሻጩ ከባንድ ጡረታ የወጡ ጋሼ ናቸው። "መልኩን ተወው፣ ንፋው" አሉኝ። ነፋሁት። ከታችኛው ቢ ፍላት (ከሁሉ ከወፈረው ድምፁ) እስከ ላይ ድረስ ሳይንተባተብ ወጣ። ጠጋ ብዬ ሳየው ቀለሙ የተላጠው እጅ በሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው። ብዙ ተነፍቷል ማለት ነው፤ ብዙ የሚነፋ ደግሞ ይጠገናል። እኔ የምፈራው እያብረቀረቀ አሥር ዓመት አልጋ ሥር የተኛውን ነው።

ቤት ከገባ በኋላ ግን አመሉን አሳየኝ።

ድምፁ ሁሉ ሲጢጥ ይላል፣ ወይም ጭራሽ አይወጣም

ሳክስፎኑን ከመክሰሳችሁ በፊት ሪዱን (መንፊያው ላይ የሚታሰረውን፣ ሲነፋ የሚርገበገበውን ስስ ሸምበቆ) እዩ። ጫፉ በትንሹ ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ምንም አታገኙም። አዲስ ሪድ አፋችሁ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ አርጥባችሁ፣ ጫፉን ከማውዝፒሱ (ከመንፊያው) ጫፍ ጋር እኩል አድርጋችሁ እሰሩት። ለጀማሪ ቁጥር 2 ወይም 2 ተኩል ይበቃል። ግማሹ "ብልሽት" እዚህ ያልቃል።

ታችኛዎቹ ድምፆች ይንተፋተፋሉ፣ ወይም ዘለው ወደ ላይ ይወጣሉ

አየር ያመልጣል ማለት ነው። ሳክስፎን ውስጥ ታች ያለው ድምፅ እንዲወጣ ከላዩ ያሉት ቀዳዳዎች ጥርቅም ብለው መዘጋት አለባቸው። ስለዚህ ፍለጋው ከላይ ወደ ታች ነው። ማታ መብራት አጥፉና ቀጭን የኤልኢዲ ገመድ ቱቦው ውስጥ ክተቱ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ ሳትጨምቁ፣ ዝጉ። በፓዱ (ቀዳዳውን በሚደፍነው የቆዳ ክዳን) ዙሪያ ብርሃን ካያችሁ እሱ ነው። ገመዱ ከሌለ ከስስ የሲጋራ ወረቀት ቀጭን ቁራጭ ቆርጣችሁ ከፓዱ ሥር አስገቡ፣ ዘግታችሁ ሳቡት። በአራቱም በኩል እኩል መያዝ አለበት። በአንዱ በኩል ሹልክ ካለ ቀዳዳው አልተዘጋም።

የእኔ ጥፋተኛ ጂ ሻርፕ የሚባለው ድምፅ ፓድ ነበር፤ የብዙ ሰውም እሱ ነው። ታችኛውን ቢ ስትይዙ ግራ ትንሿ ጣት የጂ ሻርፑንም ማንሻ አብራ ትጫናለች። ፓዱን ዘግቶ የሚይዘው ከቀኝ እጅ ቁልፎች የሚመጣ ትንሽ ክንድ ብቻ ነው። ክንዱ ሥር ያለችው ቡሽ ከረገፈች ፓዱ በፀጉር ያህል ይከፈታል፣ ቢ ደግሞ ይሞታል። ሙከራው ቀላል ነው፦ ቢ ስትነፉ ጓደኛችሁ የጂ ሻርፑን ፓድ በጣቱ ይጫንላችሁ። ድምፁ ከወጣ ተገኘ። ክንዱ ላይ ማስተካከያ ብሎን ካለ በትንሽ ካቻቢቴ ሩብ ዙር ያህል አጥብቁት። ከሩብ አትለፉ፤ ከበዛ ሌላው ፓድ መዝጋት ያቅተዋል። ብሎን ከሌለው ስስ ቡሽ ለጥፉ። እኔ ለአንድ ሳምንት የታጠፈ ወረቀት ለጥፌ ኖሬያለሁ።

ፓዱ ራሱ ደርቆ ከተሰነጠቀ ይለወጣል። አልቶ ላይ ከ20 በላይ ፓድ ስላለ ሁሉንም ማስቀየር ከግዢው ሊበልጥ ይችላል። ሳትገዙ ቁጠሩ።

የጂ ሻርፕ ቁልፍ ይጣበቃል

ማኪያቶ ጠጥቶ መንፋት ነው ጣጣው። ስኳሩ ከምራቅ ጋር ፓዱ ላይ ይደርቃል፣ ፓዱን የሚያነሳው ሞላ ደግሞ ደካማ ነው። በውሃ ትንሽ ያረጠባችሁትን ስስ ወረቀት ከሥሩ አስገብታችሁ ፓዱን ቀስ ብላችሁ ተጫኑ፣ ልቀቁት፣ ወረቀቱን አውጡ። ከዚያ በደረቅ ወረቀት ድገሙት። እየተጫናችሁ አትሳቡ፣ ቆዳው ይቀደዳል።

ኦክታቭ (ድምፁን ወደ ላይኛው እርከን የሚያሻግረውን ቁልፍ) ሲጫኑ የመካከለኛው ጂ ድምፅ ይሰነጠቃል

አንገቱ (ማውዝፒሱ የሚሰካበት ጎባጣ ቱቦ) ላይ ያለው ቁልፍ ነው። ኦክታቭ ተጭናችሁ ጂ ስትይዙ እሱ ዝግ መሆን አለበት፤ ኤ ስትይዙ ነው የሚከፈተው። አንገቱን ስትገጥሙ በጉልበት ጨብጣችሁት ከሆነ የቁልፉ ቀለበት ታጥፏል። በጣት ብቻ፣ በጥቂት በጥቂቱ መልሱት። ፒንሳ አታስጠጉ።

ስትገዙ ግን አንገቱን ከጎን እዩት። ቱቦው ከመታጠፊያው ላይ ክብነቱን ትቶ እንቁላል ከመሰለ ወደ ታች ተጎንብሷል። ይኼ የቤት ሥራ አይደለም፣ ባለሙያ ይፈልጋል። እኔ ብሆን ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ትቼው እሄዳለሁ። የቀለሙ መላጥ ግን ድምፅ አይቀንስም፣ በብራሶም አትፈትጉት።

ማውዝፒሱ ይወዛወዛል

የአንገቱ ቡሽ አልቋል። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ቴፍሎን ሁለት ሦስት ዙር ጠቅልሉበት። ጊዜያዊ ነው። እኔም ጊዜያዊ ነው ብዬ ነበር የጠቀለልኩት፣ ስምንተኛ ወሩን ይዟል።