ፎሙ አልሠራ ሲል፦ ጥፋቱ የፈሳሹ ነው ወይስ የዕቃው?

የእሳት ማጥፊያው ፎም፣ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ አረፋ የሚሆነው ፈሳሽ፣ ያለበት ጀሪካን ሙሉ ነው። ፓምፑ ይጮኻል። ከኖዝሉ፣ ከሆዙ ጫፍ መርጫ፣ የሚወጣው ግን አረፋ ሳይሆን ንጹህ ውሃ ነው። ሆዙን የያዘው ዞር ብሎ "ኧረ ፎም ስጡን!" ይላል። ጀሪካኑ ጋ ያለው ልጅ ደግሞ "ሰጥቻለሁ እኮ!" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ይህን ነገር ነዳጅ ዴፖ ውስጥ፣ ልምምድ ላይ፣ ደጋግሜ አይቻለሁ። ደግነቱ ልምምድ ነበር። ሁሌ የሚሰደበው ፎሙ ነው። "ጊዜው አልፎበታል"፣ "ፎርጅድ ነው" ይባላል። ብዙውን ጊዜ ግን ፈሳሹም ደህና ነው፣ ዕቃውም ደህና ነው። እርስ በርስ አልተስማሙም እንጂ። ስለዚህ ቁልፍና ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት በርሜሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ዓይነቱን፣ በመቶኛውን፣ ለምን ዓይነት ነዳጅ እንደሚሆን። ከዚያ ወደ ምልክቱ እንሂድ።

ውሃው ይወጣል፣ ጀሪካኑ አይጎድልም

በጣም የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ፎሙን ከጀሪካን የሚመጥጠው ዕቃ፣ ኢንዳክተሩ፣ ሞተር የለውም። ውሃው በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ሲሮጥ እዚያ ቦታ ግፊቱ ይወርዳል፣ ፎሙም በቀጭኗ ቱቦ ይሳባል። ውሃው ካልሮጠ መሳብ የለም።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን አመሳክሩ። የአውሮፓ ሥሪት ኢንዳክተሮች 200፣ 400፣ 800 ይባላሉ። በደቂቃ የሚያሳልፉት ሊትር ነው። የአሜሪካ ሥሪት በጋሎን ይጻፋል፤ 95 ጋሎን 360 ሊትር ገደማ ነው። ባለ 400 ኢንዳክተር ላይ ባለ 200 ኖዝል ከገጠማችሁ ውሃው መውጫ ያጣል፣ ፍጥነቱ ይሞታል፣ መሳቡም ይቆማል። ውሃውን ወደ ኋላ የማይመልሰው ቫልቭ ካረጀማ ውሃው ወደ ጀሪካኑ ይገባና ፎሙን ያቀጥነዋል። መፍትሄው ቀላል ነው፦ የኢንዳክተሩና የኖዝሉ ቁጥር አንድ ይሁን። መጠኑ የሚቀያየር ኖዝል ከሆነ በዚያው ቁጥር ላይ አድርጉትና ሙሉ በሙሉ ክፈቱት። ግማሽ ከፍቶ "ልቆጥብ" ማለት እዚህ አይሠራም። እኛ ጋ ጥንድ ጥንዱን አንድ ዓይነት ቀለም ቀባናቸው። ባለ 400ዎቹ ቀይ ናቸው። በጨለማና በጭስ ቁጥር የሚያነብ የለም።

ቁጥሩ ልክ ከሆነ ከኢንዳክተሩ በኋላ ያለውን ሆዝ እዩ። ኢንዳክተር ከገባለት ግፊት ሲሶውን ያህል ይበላል። 10 ባር ቢገባ ለቀረው ሆዝ፣ ለከፍታውና ለኖዝሉ የሚተርፈው 6.5 ባር አካባቢ ነው። ሆዙ ከረዘመ፣ ከታጠፈ፣ ወይም ኖዝሉ ታንከር ላይ ከወጣ (በየ10 ሜትሩ ከፍታ 1 ባር ይሄዳል) መሳቡ ይቆማል። ሆዙን አሳጥሩ፣ ወይም ኢንዳክተሩን ወደ እሳቱ አቅርቡት። ስትለኩም የፓምፑን ጌጅ ብቻ አትመኑ። የሚፈለገው ኢንዳክተሩ መግቢያ ላይ ያለው ግፊት ነው። የአሜሪካኖቹ ብዙውን ጊዜ 14 ባር ይጠይቃሉ፤ በ7 ባር ብትሞክሯቸው ዝም ይላሉ።

ይህ ሁሉ ልክ ሆኖም እምቢ ካለ፣ የመምጠጫ ቱቦው መጋጠሚያ አየር ያስገባል፣ ወይም ውስጥ ያለችው ትንሽ ኳስ በደረቀ ፎም ተጣብቃለች። ለዚህ ፎም አታባክኑ። ቱቦውን 20 ሊትር ውሃ በያዘ ባልዲ ውስጥ ክተቱ። ባለ 400 ኢንዳክተር የመቶኛ መቀየሪያው 3 ላይ ሲሆን በደቂቃ 12 ሊትር መሳብ አለበት። ባልዲው በ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገደማ ባዶ ካልሆነ ጥፋቱ የፎሙ አይደለም ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፎሙን ወደ ቱቦው የሚገፋው ይሄው አየር ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ ከሁለት ሜትር ጥልቀት ጉድጓድ ፎም የሳበ ዕቃ እዚህ ሊያንገራግር ይችላል። ጀሪካኑን ከኢንዳክተሩ ጋር እኩል አስቀምጡት።

ይሳባል፣ ግን አረፋው ውሃ ውሃ ይላል

መቀየሪያውን እዩ። በርሜሉ 6 በመቶ ብሎ መቀየሪያው 3 ላይ ካለ ግማሽ ፎም ነው የምትረጩት። ባለ 6 በመቶ ማለት 6 ሊትር ፎም ለ94 ሊትር ውሃ ነው። አንዳንዱ በርሜል ላይ 3 × 6 ተብሎ ይጻፋል። ለቤንዚንና ለናፍጣ 3፣ ለአልኮል ዓይነቶች 6 ማለት ነው።

ቁጥሩ ልክ ሆኖ ከቀጠነ ፈሳሹን በእጃችሁ ንኩት። አልኮል የሚቋቋመው ፎም፣ ኤ.አር. የሚባለው፣ እንደ ቀዘቀዘ አጥሚት ነው። ቀጭን ፈሳሽ ታስቦ የተሠራ ኢንዳክተር መቀየሪያው 3 ቢልም ከዚያ ያነሰ ነው የሚስበው። ጠዋት ብርድ ላይ ይብሳል። ወፍራምና አጭር የመምጠጫ ቱቦ ይረዳል። ዋናው ግን ኢንዳክተሩ ለዚያ ፎም የተለካ መሆኑን ከአምራቹ ሰነድ ማየት ነው።

ግምት አያዋጣም፤ ለኩ። በዚያው ውሃና በዚያው ፎም ሦስት ናሙና አዘጋጁ፦ በሊትር 20፣ 30 እና 40 ሚሊ ሊትር ፎም ያላቸው። በሪፍራክቶሜትር (ብርሃን ፈሳሹ ውስጥ ምን ያህል እንደሚታጠፍ በሚለካው መሣሪያ) አንብቧቸው፣ ከዚያ ከኖዝሉ የቀዳችሁትን አንብቡና አወዳድሩ። የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ደንብ ቁጥር 11 ለ3 በመቶ ፎም ከ3 እስከ 3.9 ይፈቅዳል። ከ3 በታች አይፈቅድም።

ድብልቁ ልክ ከሆነ የቀረው ኖዝሉ ነው። ከእንስሳት ሰኮናና ቀንድ የሚሠራው የፕሮቲን ፎም (ሽታው ይናገራል) አየር የሚያስገባ ኖዝል ግድ ይለዋል። ኤ.ኤፍ.ኤፍ.ኤፍ. የሚባለው ሰው ሠራሽ ፎም ግን ተራ የውሃ ኖዝልም ይበቃዋል፤ ነዳጁ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራልና። ብዙ ሰው በዚህ ለምዶ ኖዝል ሁሉ አንድ ይመስለዋል።

አረፋው ያምራል፣ እሳቱ ላይ ሲያርፍ ይጠፋል

ይሄ ያስደነግጣል። ወፍራም ነጭ አረፋ ይወርዳል፣ ከዚያ እንደ በረዶ ይሟሟል። ምክንያቱ የሚነደው ነገር ነው። ኢታኖል፣ ሜታኖልና አሴቶን ከውሃ ጋር ይዋሃዳሉ፤ ከአረፋው ውስጥ ውሃውን ይጠጡታል። ተራ ፎም አይችላቸውም።

"እኛ ጋ ቤንዚን እንጂ አልኮል የለም" አትበሉ። ፊንጫና መተሐራ ከስኳር ተረፈ ምርት ኢታኖል ሲያመርቱ ኖረዋል። በ2001 ዓ.ም. ገደማ 5 በመቶ፣ በኋላም 10 በመቶ ቤንዚን ውስጥ ይቀላቀል ነበር። እስከ 10 በመቶ ላለው ድብልቅ ተራው ፎም ብዙ ጊዜ ይበቃል። ንጹህ ኢታኖል ታንከር፣ የቀለም ፋብሪካ ቲነር፣ በበርሜል የተከማቸ ሳኒታይዘር ሲሆን ግን ኤ.አር. ያስፈልጋል፣ መቀየሪያውም 3 × 6 ከሆነ 6 ላይ። አረፋውን ፈሳሹ ውስጥ አትወርውሩት። ግድግዳ ላይ አጋጭታችሁ ቀስ ብሎ ይንሸራተት። ከጠለቀ ኤ.አር. ፎሙ ፈሳሹ ላይ የሚሠራው መከላከያ ሽፋን ይበጠሳል።

ነዳጁ ተራ ቤንዚን ሆኖም አረፋው ከጠፋ ዙሪያውን ተመልከቱ። ምናልባት አንዱ ጎረቤት ታንከር ላቀዝቅዝ ብሎ በውሃ እያጠበባችሁ ነው። ተራ የሶዲየም ባይካርቦኔት እሳት ማጥፊያ ዱቄትም የፕሮቲን አረፋን ይሰብራል፤ ከፎም ጋር ይስማማል የሚል ዱቄት ያዙ።

ፎሙ በደቂቃ አለቀ

3 በመቶ ፎም፣ መቀየሪያው 6 ላይ። ባለ 400 ኢንዳክተር ሲሆን 20 ሊትሩ ጀሪካን በ50 ሰከንድ ያልቃል። መልሱት። ለእንጨትና ለሣር እሳት የሚሆነው ክላስ ኤ ፎም ደግሞ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ነው የሚፈልገው፤ 3 እና 6 ብቻ ያለው ኢንዳክተር ያባክነዋል።

ማጣሪያው በዝልግልግ ተደፈነ

"ፎም ያው ፎም ነው" ብሎ አንዱ ታንኩን ከሌላ በርሜል ሞልቶታል። ሁለት ዓይነት ፈሳሽ ሲቀላቀል ሊረጋና ሊዘቅጥ ይችላል። አንድ ዓይነት ሆኖ አምራቹ ቢለያይም ሳይፈተሽ አይቀላቀልም። ማጣራት አይመልሰውም። ታንኩን ባዶ አድርጉ፣ እጠቡ፣ በአንድ ዓይነት ሙሉ። የተለያየ መኪና የሚረጨው አረፋ እሳቱ ላይ ቢገናኝ ግን ችግር የለውም። ታንኩ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ከሆነም ፎሙ ይበላዋል፤ ፕላስቲክ ወይም አይዝጌ ብረት ይሁን። ከልምምድ በኋላ ደግሞ ንጹህ ውሃ በመምጠጫ ቱቦው አሳልፉ፣ አረፋ መውጣቱ እስኪያቆም።

አዲሱ ፎም በአሮጌው ዕቃ አልሠራ አለ

ኤ.ኤፍ.ኤፍ.ኤፍ. ውስጥ ያሉት ፒፋስ የሚባሉ ፍሎሪን ያለባቸው ኬሚካሎች መሬትና ውሃ ውስጥ አይበሰብሱም። የማይበሰብሱ ኬሚካሎችን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነት ከእነዚሁ መካከል ፒፎስን በ2009፣ ፒፎኣን በ2019 (በፈረንጅ) ዘርዝሯቸዋል፤ ኢትዮጵያም ፈርማለች። ስለዚህ ፍሎሪን የሌለው ፎም እየመጣ ነው። ግን ስስ ሽፋን አይሠራም፣ ሥራው በሙሉ በአረፋው ላይ ነው። አየር የማያስገባው አሮጌ ኖዝል እዚህ ያሳፍራችኋል። ፈሳሹም ብዙ ጊዜ ወፍራም ነው፣ ኢንዳክተሩ እንደገና ይለካ። በደቂቃ በካሬ ሜትር የሚረጨው መጠንም ሊጨምር ይችላልና የአምራቹን ሰንጠረዥ እዩ። ታንክና ቧንቧ ታጥቦ የወጣውን አሮጌ ፈሳሽ ቦይ ውስጥ አትድፉት። በርሜል ውስጥ ከታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ምን እንደሆነና ቀኑን ጽፋችሁ ለብቻ አስቀምጡት።