ደሴ ላይ ስትበሉና ስትሸምቱ እባካችሁ ይሄን ተዉ

በአስተናጋጅነት ጀምሬ አሁን ካውንተር ላይ ሒሳብ እቀበላለሁ። እንግዳ ሰው ከበር ሲገባ የት ላይ እንደሚሳሳት ገና ሳይቀመጥ ይታወቀኛል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ችኮላውን ይዞት ነው የሚመጣው። ደሴ ደግሞ ጠይቀው የሚበሉባት፣ ጠይቀው የሚሸምቱባት ከተማ ናት። ሳይጠይቅ ያዘዘ ሰው ወይ ተርቦ ይወጣል፣ ወይ ሌላውን አስርቦ ይወጣል።

መጀመሪያ ሥጋው። ወሎ ውስጥ ሥጋ ሁለት ነው፤ የሙስሊምና የክርስቲያን። ሥጋ ቤቱ በር ላይ ቀና ብትሉ ወይ ጨረቃና ኮከብ፣ ወይ መስቀል ተስሎ ታያላችሁ። «ይሄን የማያውቅ ማን አለ?» ትሉኝ ይሆናል። ማወቁንማ ሁሉም ያውቃል። ችግሩ ገበታ ላይ ሲቀመጥ መርሳቱ ነው።

ደጋግሜ የማየው ይሄንን ነው። ለሥልጠና የመጡ አምስት ስድስት የመሥሪያ ቤት ሰዎች ይገባሉ። ጋባዡ ሜኑውን ሳይገልጥ «ሁለት ኪሎ ጥብስ! አንዱን ለብለብ፣ አንዱን ደረቅ፣ ቶሎ በይ እህቴ!» ይላል። ዳር ላይ ያለው ልጅ ስልኩን ያወጣል። አጠገቡ ያለችው «እኔ ቅድም በልቻለሁ፣ ሻይ ይበቃኛል» ትላለች። ጥብሱ እየጨሰ ሲመጣ ሁለቱ ስኳሩ የሟሟ ሻያቸውን ያማስላሉ። ጋባዡ «ብሉ እንጂ!» እያለ ይጎርሳል። ይባስ ብሎ ሊያጎርሳቸው እጁን ይዘረጋል። ወሎዬ ደግሞ «ይሄ ሥጋ የኛ አይደለም» ብሎ ገበታ አይረብሽም። «አብሽር፣ ጠግቤ ነው» ይልና ሆዱ እየጮኸ ይወጣል። ከዚያ ጋባዡ እኔ ጋ መጥቶ ሒሳብ እየቆጠረ «እነዚህ ልጆች ተኮራርፈዋል እንዴ?» ይለኛል። አልተኮራረፉም ወንድሜ። አልጠየቅካቸውም።

ለአስተናጋጁ «ሥጋው የማን ነው?» ማለት ነውር አይደለም። ቀኑን ሙሉ የምንመልሰው ጥያቄ ነው። ጠረጴዛው ቅይጥ ከሆነ ዓሣ፣ እንቁላል ወይም ሽሮ እዘዙና ሁሉም አንድ ትሪ ይቁረስ። ሽሮ ስትሉ ግን ቦዘና ሽሮ ሥጋ እንዳለበት አትርሱ። «የሁለቱም ሥጋ አለን» የሚል ቤት ካጋጠማችሁ ወጥ ቤቱና መጥበሻው ለየብቻ መሆኑን ጠይቁ። ቢላዋው አንድ ከሆነ መለየቱ የወሬ ነው። ቤታችሁ ሰው ጠርታችሁ ዶሮ ስትገዙም ማን እንደሚያርድ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የወሎ ሠርግ ይሄን ጉዳይ ድሮ ጨርሶታል፤ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ወጥ ቤት፣ አንድ ጭፈራ።

ቀኑን አለማየት ሌላው ጥፋት ነው። ረቡዕና ዓርብ የክርስቲያን ሥጋ ቤት በር ላይ ቆሞ «ለምን ተዘጋ?» የሚል ሰው ዛሬም አለ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ነገሩ 55 ቀን ነው። ዓርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ሶላት ዘግቶ የሚሄድ ቤት አለ፤ ወይ ቀደም ብላችሁ ብሉ፣ ወይ ታገሡ። ረመዳን ላይ ቀን ቀን ምግብ ቤት ፍለጋ እግራችሁን አታድክሙ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ውጡ። ሳምቡሳው ከዘይት እየወጣ፣ ቴምሩ ተደርድሮ፣ ሾርባው እየተቀዳ ታገኙታላችሁ። ግን ማፍጠሪያው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ሰልፍ ውስጥ ገብታችሁ ለመላው ቤተሰብ ሳምቡሳ አትዘዙ። ከኋላችሁ የቆመው ሰው ከሌሊት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። እናንተ ምሳ በልታችኋል።

ቫት። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ቫትን ያካትታል ወይ ብላችሁ ሳታዝዙ ጠይቁ። 15 በመቶው ሲጨመር የምትቆጡት እኔን ነው፣ ሜኑውን ያሳተመው ግን ሌላ ሰው ነው።

ቅቤ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው ቅቤ የሚገዛው በዓይኑ ነው። ቢጫ ሆኖ ሲያብረቀርቅ «ለጋ ነው» ብሎ ገንዘቡን ያወጣል። የኛ ወጥ ቤት ኃላፊ ገበያ ስትወርድ ስንጥር ይዛ ነው። ሙዳውን እስከ መሃሉ ትወጋዋለች፤ ታወጣውና ጫፉን ታሸታለች። ላዩ ደህና ቅቤ፣ መሃሉ የረጋ ዘይት የሆነ ሙዳ ስላጋጠማት ነው። ቀጥላ ቁንጥር አድርጋ መዳፏ ላይ ታሸዋለች። ደህና ቅቤ በእጅ ሙቀት ይቀልጥና ሽታው እዚያው ይቀራል። የተደባለቀበት ይሻክራል ወይም እንደ ሰም ይሆናል። ሽታውም ቶሎ ይጠፋል። ሙዝ ፈጭቶ የሚቀላቅልም አለ፤ ያንን ምላሷ ላይ ስታደርገው ትይዘዋለች። «አይወጋም» ያለ ሻጭ ካጋጠማት አንድ ቃል አትናገርም፣ ጥላው ትሄዳለች። ዋጋው ከጎረቤቱ በጣም ከወረደማ ስንጥር ማውጣትም አያስፈልግም።

ደግሞ ለምን እንደምትፈልጉት እወቁ። ለጋውን ለጸጉርና ለቂንጬ፣ በሰል ያለውን ለወጥ ግዙ። በሳሉን ገዝቶ ቤቱ ከገባ በኋላ «ሸተተኝ» የሚል ሰው ቅቤው አልበደለውም።

በርበሬ ተፈጭቶ የተቀመጠ አትግዙ። ዛላውን ግዙ፣ አስፈጩ። በቃ።

ባቲ የሚሄድ ሰው ቀን ይምረጥ። ገበያው ሰኞ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ወርዶ ሐሙስ ባቲ የገባ ሰው «ይሄ ነው የሚወራለት?» ይላል። ሰኞ ቢሄድ አፋሩ ከነግመሉ፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋና ከቆላ የያዘውን ይዞ ያገኘው ነበር። በጠዋት ግቡ፤ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። እዚያ ቅቤ ገዝታችሁ በፌስታል አንጠልጥላችሁ ብትዞሩ ደሴ የምታደርሱት ፌስታሉን ነው።

ክርክር ላይ አንድ ነገር ልበል። መሬት ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት በመደብ የምትሸጥ እናት ጋ ቆሞ አምስት ብር ለማስቀነስ ሩብ ሰዓት የሚከራከር ሰው አይቻለሁ። ሞተሩን ያላጠፋው መኪናው ከኋላው ቆሟል! መደቡን እየፈነቀሉ ከሥር ያለውን መምረጥማ አይነሳ። እንዲህ አድርጉ፦ «እትዬ፣ እንዴት ዋሉ?» በሉ። ዋጋውን ክፈሉ፣ ከዚያ «ምራቂ የለውም?» በሉ። አንድ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ ሲመቻትም ቃሪያ ትጨምርላችኋለች። ምርቃቱም ነፃ ነው።

ዓሣ ከወደዳችሁ ሐይቅ ድረስ ሂዱ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በጠዋት የደረሰ ሰው የሚበላውና አመሻሽ ላይ የደረሰ ሰው የሚበላው አንድ አይደለም። ሳይጠበስ አሳዩኝ በሉ። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ከጭንቅላቱ ጎን ያለው ክዳን ሲገለጥ ውስጡ ቀይ የሆነ፣ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላ ከሆነ ይጠበስላችሁ። ዓይኑ ከደበዘዘ ግን አዋዜና ሎሚ አያድነውም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ግን ለንስሐ አባታችሁ ተዉት፤ አስተናጋጅ አታከራክሩ።

መርሳ ላይ በመኪና መስኮት ማንጎ የሚገዙ ሰዎችን በቁጣ ሳይሆን በሐዘን ነው የማያቸው። ሾፌሩ ጡሩንባ እየነፋ፣ ልጁ እየሮጠ፣ ብሩ በአንድ እጅ፣ ፌስታሉ በሌላው። ከላይ የተደረደሩት ሦስቱ ያምራሉ። ከሥር ያለውን ወልዲያ ስትደርሱ ታዩታላችሁ። ወርዳችሁ አንድ በአንድ እየነካችሁ ግዙ፣ ካልሆነ ይቅርባችሁ።

ከሚሴና ሐርቡ አካባቢ የማሽላ እንጀራ ሲቀርብላችሁ «ጤፍ የለም?» አትበሉ። ትኩሱን ብሉት፣ ትወዱታላችሁ። ለነገ ብላችሁ ግን አትግዙ፤ ሲያድር ይደርቅና ይሰነጣጠቃል።

ቡና ላይ ተጋብዞ ከአቦል በኋላ የሚነሳ ሰው ሳይቀመጥ «ቸኩያለሁ» ቢል ይሻለዋል።

በመጨረሻ ቀሪቦ። ከተቆላ ገብስ፣ ከስኳርና ከእርሾ ነው የሚሠራው፣ ጌሾ የለበትም። መልኩን አይቶ ጠላ የሚመስለው እንግዳ ብዙ ነው። ቀዝቀዝ ብሎ ሲቀርብ ይጣፍጣል። ስህተቱ የሚጀምረው «ለእናቴ ልውሰድላት» ሲባል ነው። አንድ ደንበኛችን ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ክዳኑን በጉልበት አጥብቆ፣ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ከጭንቅላቱ በላይ ባለው ዕቃ መጫኛ ላይ አስቀመጠው። ቀሪቦ ታሽጎም ሥራውን አያቆምም፤ እርሾው እየሠራ ጋዝ ይሞላል። ቆላውን ሙቀት አልፎ ወደ ጣርማ በር ሲወጡ ደግሞ የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል። አንደኛው እዚያ ፈነዳ። ከሥር የተቀመጡት ሰውዬ ነጭ ጋቢ ለብሰው ነበር፣ ለልቅሶ የሚሄዱ። ልጁ ጋቢ አጣቢ ሆኖ ነው አዲስ አበባ የገባው። የግድ የምትወስዱ ከሆነ ጠርሙሱን ሩብ ያህል አጉድሉት፣ እግራችሁ ሥር አቁሙት፣ መኪና በቆመ ቁጥር ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ አስተንፍሱት። ከሁለት ቀን በላይም አታቆዩት፤ ይኮመጥጣል፣ እየጠነከረም ይሄዳል። አለዚያ እዚሁ ጠጥታችሁ ሂዱና ለእናታችሁ ቆሎ ውሰዱላት።