የኪስ ብዕራችሁ አይጽፍም ከማለታችሁ በፊት፦ ከአሞላል እስከ አያያዝ የሚሠሩ ስህተቶች

«ተበላሽቷል» ተብሎ እጄ የሚገባ የኪስ ብዕር (ፈሳሽ ቀለም የሚሞላው ፋውንቴን ፔን) አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም። ችግሩ የተሞላው ቀለም ወይም የተሞላበት መንገድ ነው። ብዙ ጊዜ የማየው ካዌኮ የተባለው ድርጅት የሚሠራውን «ስፖርት» የተባለ ብዕር ስለሆነ እሱን ይዤ ልጻፍ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1883 ጀርመን ሃይድልበርግ ውስጥ ተመሠረተ፤ ዛሬ ያለው ኑረምበርግ ነው። ብዕሩ ሲዘጋ 10.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የተለመደው ቀፎው ፕላስቲክ፣ ኒቡ (የሚጽፈው ጫፍ) ብረት። በዚሁ መጠን የሚሠሩት የቻይና ብዕሮችም በአብዛኛው ጠባያቸው ተመሳሳይ ነው።

ክዳኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መጻፍ። ያለ ክዳኑ አጭር ስለሆነ እጅ ይደክማል። የተሠራው ክዳኑ ከኋላ እንዲሰካ ተደርጎ ነው፤ ያኔ ከ13 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆንና እንደ ማንኛውም ብዕር ይያዛል።

የማይገባውን ካርትሪጅ መግዛት። ካርትሪጅ ማለት ቀለም ተሞልቶ የሚሸጥ ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ስፖርት የሚቀበለው አጭሩን ኢንተርናሽናል (የብዙ ድርጅቶች ብዕር የሚጋራውን) ካርትሪጅ ብቻ ነው። ረጅሙ ቀፎው ውስጥ አይገባም፤ መደበኛው ኮንቨርተርም (በካርትሪጅ ፋንታ ገብቶ ከጠርሙስ ቀለም የሚስበው ዕቃ) እንዲሁ። ፓርከር፣ ላሚና ፓይለት የየራሳቸው ካርትሪጅ ስላላቸው የእነሱን በግድ ልትከቱ አትሞክሩ። ካርትሪጁን አንገቱ ባለበት ጫፍ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት፤ ሽፋኑ ሲበሳ እጃችሁ ላይ ይታወቃችኋል። እያሽከረከራችሁ አታስገቡት።

ከዚያ ጠብቁ። ካርትሪጅ በገባ በአሥር ሰከንድ ውስጥ «አይጽፍም» ብሎ ብዕሩን ማራገፍ የለመደ ሰው ሸሚዙንም ግድግዳውንም ያበላሻል። ቀለሙ የሚወርደው በቀጭን ቦይ እየተሳበ ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል። ኒቡን ወደ ታች አድርጋችሁ ጥቂት ደቂቃ አቁሙት፤ ከቸኮላችሁ ኒቡን ሶፍት ላይ አስነክታችሁ ካርትሪጁን በስሱ ጫን አድርጉት። አዲስ ብዕር ከሆነ ከፋብሪካ የቀረ ቅባት ሊኖርበት ስለሚችል አስቀድማችሁ በቀዝቃዛ ውኃና በአንዲት ጠብታ የዕቃ ሳሙና እጠቡት።

ያገኙትን ቀለም መሙላት። ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ይኼ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ከኒቡ ሥር ያለው ጥቁር ፕላስቲክ መጋቢው ነው። በመካከሉ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ቦይ አለው፤ ጎንና ጎኑ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ነው። ቀለም በቦዩ ወደ ኒቡ ይወርዳል፣ በምትኩ አየር ወደ ካርትሪጁ ይገባል፣ የተረፈው ቀለም ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ይቆያል። ብዕሩ ሳያንጠባጥብ፣ ሳያቋርጥም የሚጽፈው በዚህች ትንሽ ዕቃ ነው። ታዲያ ምን ይሞሉባታል? የማኅተም ቀለም! ይህ ቀለም ስፖንጁ ላይ እንዳይደርቅ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ግሊሰሪን አለበት፤ በቦዩ አይወርድም፣ ቢወርድም ወረቀት ላይ አይደርቅም። ሌላው የፕሪንተር ቀለም ይሞላል፤ እሱ ወረቀት ውስጥ ቶሎ እንዲሰርግ የተሠራ ስለሆነ የፊደሉ ዳር ይበተናል፣ ወደ ገጹ ጀርባም ያልፋል። ኢንዲያ ኢንክ የሚባለው የሥዕል ቀለም ከሁሉም ይብሳል፤ በውስጡ ብዙ ጊዜ ሼላክ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) ስላለ አንዴ ከደረቀ ውኃ አይፈታውም።

አንድ የብራና ጽሕፈት የሚማር ወጣት ብዕሩን ይዞልኝ መጣ። ለብራና የሚዘጋጀውን ጥቁር ቀለም ሞልቶበት ነበር። ቀለሙ ውብ ነው፤ ሶፍት ላይ ያንጠባጠብኳት ጠብታ እንኳ ጥቁረቷ ዓይን ይስባል። ኒቡንና መጋቢውን ስቤ ሳወጣ ግን ቦዩ አይታይም፤ ጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ በጥቁር ጭቃ ተሞልቶ አንድ ወጥ ሆኗል። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድሬ፣ በሲሪንጅ ውኃ እየገፋሁ፣ በስስ ፕላስቲክ ቁራጭ ቦዩን እየጠረግሁ ነው የተከፈተው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ያ ቀለም መሠረቱ ጥቀርሻ ነው። ጥቀርሻ ውኃ ውስጥ አይሟሟም፤ ደቅቆ ይንሳፈፋል እንጂ፤ ማያያዣው ሙጫ ሲደርቅ ደግሞ ይጋገራል። ለመቃ ብዕር ይህ በጎ ነገር ነው። ጥቀርሻው ብራናው ላይ ተቀምጦ በብርሃን ሳይደበዝዝ ለዘመናት ይኖራል፤ መቃው በየጥቂት ፊደሉ ይነከራል፣ ጫፉ ሲደፈን ይታጠባል፣ ሲደነዝዝ ይቀረጻል። የኪስ ብዕር ግን ቀለሙን ለሳምንታት ሆዱ ውስጥ ይዞ የሚዞር ዕቃ ነው። በዚያ ቀለም መጻፍ የሚወድ ሰው በመቃ ይጻፍ፤ ደስታውም ያለው እዚያ ነው።

ጠርሙሱ ላይ ለዚህ ዓይነት ብዕር መሆኑ የተጻፈበትን ቀለም ግዙ። ፔሊካን 4001፣ ፓርከር ኩዊንክ፣ ዋተርማን፦ ሦስቱም ለጀማሪ አስተማማኝ ናቸው።

ባዶውን ካርትሪጅ መጣል። አጭሩ ካርትሪጅ የሚይዘው 0.8 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። አንድ ባለ 30 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ እንግዲህ ከ35 ጊዜ በላይ ይሞላዋል። ከመድኃኒት ቤት ሲሪንጅ ግዙ፣ የመርፌውን ስለት በሞረድ አደንዝዙት፣ ካርትሪጁን በውኃ አጥባችሁ አድርቁና መርፌውን እስከ ታች አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ሙሉ፤ ከአፉ ትንሽ አጉድሉት። አንገቱ ላልቶ ዙሪያው ላይ ቀለም ማየት ስትጀምሩ በአዲስ ተኩት።

ለስፖርት ተብለው የሚሸጡ ትንንሽ ኮንቨርተሮችም አሉ። የሚጨመቀውን ዓይነት ሲሞሉ የኒቡን ጫፍ ብቻ ነክረው አየር የሚስቡ ብዙ ናቸው። ኒቡ በሙሉ ቀለሙ ውስጥ መስጠም አለበት። ጨምቁ፣ አረፋው እስኪያቆም ጠብቁ፣ ልቀቁ፤ ከለቀቃችሁ በኋላም ኒቡን ወዲያው አታውጡ፣ ቀለሙ ገና እየገባ ነውና። በመጨረሻ ሁለት ሦስት ጠብታ ወደ ጠርሙሱ መልሱና በሶፍት ጥረጉት፤ ይህን ካላደረጋችሁ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያንጠባጥባል።

ቀፎውን በቀለም መሙላት፣ ያለ ዝግጅት። ካርትሪጁን ትቶ ቀለሙን በቀጥታ ቀፎው ውስጥ ማድረግ ይቻላል፤ ከካርትሪጅ ከእጥፍ በላይ ይይዛል። ጠያቂው ብዙ ነው፣ የሚያበላሸውም ብዙ ነው። በመጀመሪያ ቀፎው ፕላስቲክ መሆን አለበት። የአሉሚኒየሙንና የናሱን ስፖርት እንዲህ አትሙሉ፤ ቀለም ብረቱን ይበላዋል። ቀጥሎ ቀፎው የሚጠመዘዝበት ጥርስ ላይ ስስ ሲሊኮን ግሪስ ቀቡ፤ ልኩን ኦሪንግ (ቀለበት መሰል ጎማ) ካገኛችሁ ጨምሩበት። የመኪና ግሪስ አይሆንም። ቫዝሊንም ጎማውን ስለሚያላላው አይሆንም።

ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ቀለሙ ሲጎድል ቦታውን አየር ይይዛል። ያንን አየር የእጃችሁ ሙቀት ሲያሞቀው ይሰፋል፣ ሲሰፋ ቀለሙን ይገፋል፣ አረፍተ ነገር መሃል ላይ አንድ ትልቅ ጠብታ ዱብ ትላለች። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አትጠብቁ፤ ሲሶው ሲቀር ሙሉት።

ከፍታን መርሳት። አየሩን የሚያሰፋው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ከቆላ ወደ ደጋ መውጣትም ያው ነው። ከድሬዳዋ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባ ግማሽ ሙሉ ብዕር ክዳኑ ውስጥ ቀለም ይዞ ቢገኝ አይግረማችሁ። አውሮፕላን ላይ ያለውን ደግሞ ብዙ ሰው የሚያስበው በተገላቢጦሽ ነው። የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ1800 እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይቀራረባል። ቦሌ ራሱ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ብዕር ለውጡ ኢምንት ነው። የሚያስቸግረው ከዱባይ፣ ከጅዳ ወይም ከቴል አቪቭ ሲነሡ ነው፤ እዚያ ብዕሩ የሚሞላው በባሕር ጠለል አካባቢ ነውና። ከእነዚህ ከተሞች ወደ አገር ቤት የምትመጡ ብዕሩን ጢም አድርጋችሁ ሙሉት ወይም ጭራሽ ባዶ አድርጉት፤ ኒቡን ወደ ላይ አቁማችሁም ያዙት። ላላ ብሎ በተዘጋ ክዳን ነጭ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ አትክተቱት።

እንደ እስክሪብቶ መጫን። እስክሪብቶ ኳሷ እንድትሽከረከር ጫና ትፈልጋለች። ይህ ብዕር የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ሲጫኑት የኒቡ ሁለት ምላሶች ይለያዩና አይመለሱም። ኮፒ የሚያወጣ ደረሰኝ መሙላት ሲኖርባችሁ እስክሪብቶ ተጠቀሙ። የዚህ ብዕር ደስታ ያለው እጅ ሳይደክም ሦስት አራት ገጽ መሄድ ላይ ነው፤ ተማሪዎች ይህን ሲያገኙት ፊታቸው ላይ ይነበባል፣ እኔንም ደስ ይለኛል።

ወፍራም ኒብ መምረጥ። ለፊደላችን ቀጭኑን ውሰዱ። መስመሩ ጠባብ ደብተር ላይ በወፍራም ኒብ ስትጽፉ የ«ሜ» እና የ«ቤ» ቀለበት ይደፈናል፣ «ጨ» ላይ ያሉት ቀለበቶችም ተዋህደው ከ«ጠ» የሚለየው ነገር ይጠፋል። ስስ ወረቀት ላይም ወፍራም ኒብ ብዙ ቀለም ስለሚያፈስ ወደ ጀርባው ያልፋል። ደብተር ስትገዙ የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ መስመር ጽፋችሁ ገልብጣችሁ እዩ። ለፊርማና ለውል ደግሞ ውኃ የማያጠፋው መሆኑ የተረጋገጠ ቀለም ያስፈልጋል፤ ተራው ሰማያዊ በአንዲት የዝናብ ጠብታ ይሄዳል።

ቀለም ሞልቶ ለወራት መተው። ውኃው ይተንናል፣ ማቅለሚያው ይቀራል። ለረጅም ጊዜ የማትጽፉበት ከሆነ፣ ቀለም ስትቀይሩም እንዲሁ፣ ውኃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ እጠቡት። ሙቅ ውኃ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፤ አልኮል ደግሞ ይሰነጥቀዋል። ከታጠበ በኋላ ኒቡን ወደ ታች አድርጋችሁ ሶፍት ላይ አሳድሩት፤ ጠዋት ሶፍቱ ላይ ቀለም ካያችሁ አንድ ጊዜ ድገሙት።